ለፔዳሉም ለዳገቱም የሚሆን ጫማ

ሳይክል እንደተሰጠኝ የሰማሁት ከመላው ጉባኤ ጋር እኩል ነው። እሁድ ጠዋት፣ ደሴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ መዘምራኑ ወርደው ሰባኪው ሳይወጡ ባለችው የማስታወቂያ ሰዓት። ማስታወቂያ የሚያነቡት ሽማግሌ ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ተናገሩ፤ የአንድ ወንድም ሠርግ መቃረቡን አበሰሩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«በልማት ቢሮአችን የምታገለግለው እህታችን ማውንቴን ሳይክል ተመድቦላታል። ከገራዶ በላይ ያሉትን መንደሮች ከእንግዲህ በሱ ነው የምትዞረው። ጌታ አካሏን እንዲጠብቅ በጸሎት አስቧት።»

ጉባኤው «አሜን!» አለ። እኔም በልማድ «አሜን» ብያለሁ። እህታችን የተባለችው እኔ መሆኔ የገባኝ ከአሜኑ በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበቴን አየት አደረጉና «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» ብለው እጄን ያዙኝ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

የሚሊኒየሙ ግርግር ገና ያለፈ ሰሞን ነበር። እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ልጆች ሆነን ሳይክል እየተከራየን በነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴም በባዶ እግር፣ ሐይቁ ዳር ስንነዳ ነው ያደግነው። ለሥራ ወደ ወሎ ስመጣ ሳይክሉም ሜዳውም እዚያው ቀሩ። ደሴ ዳገት ናት፤ ዳገት ያልሆነው ደግሞ ቁልቁለት ነው። በዚያ ከተማ ሳይክል የሚነዳ ወንድ እንኳ ሲያልፍ ሰው ከሱቁ ወጥቶ ያያል።

ሰኞ ጠዋት የቢሮአችን አስተባባሪ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሜዳ ላይ ነው የማውቀው።»

«የሀዋሳ ልጅ አይደለሽ እንዴ? እናንተ እኮ ሳይክል ላይ ነው የምትወለዱት» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ስሚ፣ እህቴ። መኪና የለንም። ከዋናው ቢሮ እንግዳ ትመጣለች። ሴት በሳይክል እዚያ መንደር ድረስ ደርሳ፣ ቤቶቹን ዞራ መመለስ ትችላለች ወይ የሚለውን በዓይኗ አይታ ትወስናለች። ከቻልሽ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። ካልቻልሽ አንቺን ኮምቦልቻ መጋዘን እናደርግሽና ለመንደሮቹ ወንድ ሠራተኛ እንልካለን።»

መጋዘኑን አልፈራሁትም። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ሜዳም አላት። የፈራሁት ለእናቶቹ ነው። ሥራዬ ከገራዶ በላይ ባሉት መንደሮች ከሚያጠቡ እናቶች ጋር ተቀምጦ ስለ ሕፃናት አመጋገብ መነጋገር ነበር። ሙስሊም የገበሬ ሚስቶች ናቸው፤ መጀመሪያ ስመጣ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር አያናግሩኝም ነበር። ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ስንት ሕፃን አቅፌ ነው አንዷ የቆሰለ ጡቷን አውጥታ ያሳየችኝ። ወንድ ከተላከ ለሱ ባሎቻቸውን ነው የሚልኩለት። ስለ ጡት ቁስል ከባል ጋር ምን ይወራል?

ስለዚህ ልሞክረው ቆረጥኩ። ከቀሚሴ በታች ሱሪ ለበስኩ፣ የቀሚሴን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩ፣ ጸለይኩ፣ በቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ሳይክሉ ላይ ወጣሁ። የምኖርበትን ሰፈር ሆጤን ሳልጨርስ እግሬ ከፔዳሉ ተንሸራተተና የፔዳሉ ጥርስ ቅልጥሜን ነከሰው። በማግስቱ በሸራ ጫማ ሞከርኩ። ሸራው አልተንሸራተተም፤ ግን ሶሉ ከመለስለሱ የተነሳ ፔዳሉን በውስጥ እግሬ የጨበጥኩት እስኪመስለኝ ድረስ ቆረቆረኝ። ከዚህ ሌላ ሳይክሉ የሚሄደው ገራዶ ድረስ ብቻ ነው። እዚያ ሻይ ቤት አስቀምጬው ወደ መንደሩ በእግር ነው የምወጣው፤ ድንጋይ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ለተፋሰስ ሥራ የተቆፈረ ቦይ አለ። ሶሉ ለፔዳል የሚደርቅ፣ ጥርሱ ለዳገት የሚነክስ፣ አፍንጫው ድንጋይ የሚችል ጫማ ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። እግሬ ትልቅ ነው። ጌታ ሲሠራኝ ከቁመቴ ቀንሶ እግሬ ላይ የጨመረ ይመስለኛል። ቤታችን ሳለሁ ወንድሞቼ ጫማ ሲያጡ የኔን ነበር የሚዋሱት። የሴት ጫማ ሻጭ ቁጥሬን ስነግረው ሁልጊዜ «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ገበያ የወጣሁት ከአከራዬ ጋር ነው። ሆጤ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሙስሊም ናት፣ ከኔ በዕድሜ ትልቅ፣ ለክርክር የተፈጠረች። መጀመሪያ ሸዋ በር፣ ሰልባጅ ተራ ሄድን። ገና ስንገባ የኮንጎ ክምር ጋ ቆመች፤ ያ ገበሬው ሁሉ የሚያደርገው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ጫማ።

«እህቴዋ፣ ተራራውን ሰዉ ሁሉ በዚህ አይደል እንዴ የሚወጣው?»

«እትዬ፣ ይሄ ለሳይክል አይሆንም» አልኳት። እንዲያውም ኮራ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም።

ሻጩ ታኬታ አቀረበልኝ። የኳስ ጫማ ነው፣ ከስሩ ጉጥ ጉጥ ያለው።

«ዳገት ይነክሳል፣ እህቴ!»

«ፔዳል ላይስ?»

«ፔዳልም ይነክሳል! ሴት ልጅ በሳይክል ለገጠር እናቶች? ይሄ እኮ ልማታዊ ጫማ ነው!» ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ልማታዊ ይባል ነበር፤ ታኬታውም ተራው ደርሶት ነው።

«ልማታዊ ከሆነ በነፃ ስጣታ» አለች አከራዬ። ወጣን።

ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ መጀመሪያ የሚራገፈው እዚያ ነው ይባል ነበር። ሻጩ በመጀመሪያ ከስክስ አወጣልኝ፣ የወታደር ጫማ። አንዱን እግር ብቻ አድርጌ ለመነሳት ስሞክር ወንበሩ አብሮኝ የተነሳ መሰለኝ፤ ክብደቱ እንዲያ ነበር።

እኔ ደግሞ ሳልፈትን አልገዛም። መፈተኛዬ ይሄ ነው፦ የእግሬን የፊት ግማሽ ብቻ የሱቁ ደረጃ ጠርዝ ላይ አደርግና ተረከዜን በአየር ላይ ትቼ ከፍ ዝቅ እላለሁ። ሶሉ ከተጣጠፈ ለፔዳል አይሆንም። ከዚያ ቋጥኝ የምወጣ ይመስል የግንቡን ጥግ በአፍንጫው እረግጣለሁ። ሦስተኛው ጫማ ላይ ስደርስ ሰው ቆሞ ያየኝ ጀመር።

«ምን ሆና ነው?» አለ አንዱ መንገደኛ።

«ስለት አለባት» አለችው አከራዬ።

ሦስተኛው ጫማ ግራጫ ነው። ሶሉ አልታጠፍ አለ፣ ጥርሱ ወፍራም ነው፣ አፍንጫው እንደ ቆርቆሮ የጠነከረ። ረጅም ማሰሪያ አለው፤ በማሰሪያው ላይ ደግሞ የሚጣበቅ ሰፊ ጠፍር። ከስሩ፣ ልክ የእግር ጣት መነሻ ላይ፣ በብሎን የተያዘች ትንሽ ብረት አለች።

«ይቺ ብረት ምንድን ናት?» አልኩ።

ሻጩ ጫማውን ገልብጦ አየ። «የፈረሰኛ ነው። ብረቷ እርካብ ላይ እንዳይሸሽ ነው።»

«ወላሂ በል» አለችው አከራዬ።

«እትዬ፣ ንግድ ነው የማወራው። ወላሂን ምን አመጣው?»

ጫማውን ከማጥለቄ በፊት በልቤ ጸለይኩ። እግሬ ምንም ሳይታገል ገባ። የወንድ ቁጥር ነበር፤ ሻጩ «ለማን ነው?» አላለኝም፤ ለዚህም አመሰገንኩ። ዋጋውን የተከራከረችው አከራዬ ናት፤ ሲጮሁ እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

በሚቀጥለው እሁድ እግሬን እንዲለምድ ብዬ ቤተ ክርስቲያን አደረግሁት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ዕለት አረፈድኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰባኪው ቆሙ። ጉባኤው ዞረ። በጣቴ ጫፍ ልሂድ ብል ብረቷ ያለችው እዚያው ጣቴ ሥር ነው፣ ባሰ። በተረከዜ እየተራመድኩ የኋላ ወንበር ላይ ደረስኩ። ከአምልኮው በኋላ እኒያ ማስታወቂያ አንባቢ ሽማግሌ በር ላይ ጠበቁኝ። «እህቴ፣ ተባረኪ» አሉኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ፈረሱንስ የት አሰርሽው?»

ማታውኑ ብሎኖቹን በወጥ ቤት ቢላዋ ፈትቼ ብረቶቹን አወጣሁ። ብረቷ ከልዩ ፔዳል ጋር የምትቆላለፍ የሳይክለኛ ዕቃ መሆኗን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፔዳሉም አብሮ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ እግሬን ከሳይክሉ ጋር ቆልፌ የደሴን ቁልቁለት ልወርድ ነበር ማለት ነው። ጌታ ሰውን በማያውቀው ነገር ሁሉ ይጠብቃል።

ልምምድ ላይ አንድ ጣጣ ብቻ ገጠመኝ። የግራ ማሰሪያዬ ተፈቶ ሰንሰለቱ በላው፤ ሳይክሉ ቆመ፣ እኔ ግን አልቆምኩም፤ ገለባ የጫነች አህያ ላይ አረፍኩ። ባለቤቷ «አብሽሪ፣ ገለባ ነው» አለኝ፤ አህያዋ ግን ቅር ብሏት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ መቋጠር፣ ትርፉን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ በላዩ ጠፍሩን ማጥበቅ ጀመርኩ። ጫማው አሁን ፍጹም ነው። ለፔዳሉ ሆነ፣ ለዳገቱ ሆነ፣ ለድንጋዩ ሆነ፣ ለሰንሰለቱም መላ ተገኘ። ምንም ያላሰብኩት ነገር አልቀረም ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

የፈተናው ዕለት እንግዳዋ በተከራየችው መኪና ቀድማኝ ሄደች። ዚፕ ያለው ቡትስ ያደረገች፣ ጠንቃቃ፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። እኔ በሳይክሌ ገራዶ ደረስኩ፤ አልወደቅሁም፣ አልወረድኩም። ሳይክሉን ሻይ ቤት አስቀምጬ ዳገቱን ወጣሁት። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃ ነው፤ ጫማዬ ግን ይነክሳል፤ መኪናዋን ገራዶ ትታ በእግሯ የምትወጣው እንግዳ ላይ የደረስኩት መንደሩ ሳትገባ ነው። በልቤ መዝሙር ጀመርኩ።

መዝሙሩ በር ላይ ቆመ።

በዚያ አገር ቤት በጫማ አይገባም። ሰዉ በሚቀመጥበት ጅባ ላይ ሶላት ይሰገዳል፤ ጫማ በር ላይ ነው የሚቀረው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ሳለሁ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፣ ረገፍ አድርጌ እገባ ነበር። ጫማ ስመርጥ ስለ ፔዳል አሰብኩ፣ ስለ ተራራ አሰብኩ፤ ስለ በር አላሰብኩም። ጎንበስ አልኩ። ጠፍሩን አላቀቅሁ። ቋጠሮው በጭቃ ርሶ ጠብቋል። በጥፍሬ ሞከርኩ። እናቶቹ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እንግዳዋ ዚፗን ስባ ገብታ ሰዓቷን ታያለች።

የቤቱ እመቤት ብቅ አለች፤ ያቺ ቁስሏን ያሳየችኝ ናት። «እህትዋ፣ አፈር ስሆን፣ ጫማ ነው የምትፈቺው ወይስ ጭነት?»

«እየመጣሁ ነው።»

«እሷ ጫማዋን ፈትታ ስትገባ የኔ ልጅ ጡት ይጥላል!» ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች። ሳቅ ሆነ። በመጨረሻ አንዱን በጥርሴ ፈታሁት። ያን ሁለተኛ ጊዜ ላለማየት ማሰሪያውን እስከ ታች አላልቼ፣ አፉን በሰፊው ከፍቼ አስቀመጥኩት።

ስብሰባው ደህና ሆነ። ስንወጣ ጫማዬ የለም።

የዚያ አገር ሌላው ልማድ ደግሞ ይሄ ነው። በር ላይ ያለ ጫማ የቤት ነው። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ከብት ለመመለስ ብቅ የሚል ሰው እግሩን ቅርቡ ያገኘው ጫማ ውስጥ ይከትታል፤ ሲመለስ ቦታው ይመልሰዋል። ሌብነት ብሎ የሚጠራው የለም። የኔን እንግዳ ጫማ ግን ማንም አይደፍረውም ብዬ ነበር፤ እኔው ራሴ አፉን ከፍቼ አስቀምጬው።

«አባባ ናቸው» አለች እመቤቲቱ በሩን ቃኝታ። የባሏ አባት ናቸው፣ የመንደሩ ሽማግሌ። «ውዱእ ሊያደርጉ ወጥተው ነበር። ከዚያ መስጊድ ናቸው። ከዚያ ደሞ በመስኖ ውኃ የተጣሉ ሰዎች አሉ፣ ያስታርቃሉ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲታረቁ።»

እንግዳዋ በቦርሳዋ ማሰሪያ እየተጫወተች «የቀሩት ቤቶችስ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ተዘጋጅቼ በካልሲ ቆሜያለሁ። መጋዘኑ ታየኝ፣ ካርቶኖቹ ታዩኝ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለች እመቤቲቱ። «የሳቸው አለልሽ፣ እሱን አድርጊ እንጂ!» በእግሯ ገፋ አድርጋ አንድ አሮጌ ቡናማ ኮንጎ አቀረበችልኝ።

አደረግሁት። ልክ ነው፤ ለኔ እግር ልክ የሚሆን የሰው ጫማ ማግኘት በኔ ዕድሜ አልገጠመኝም ነበር። ዳገቱን ወጣሁ፣ ቦዩን ተሻገርኩ፤ ውኃ ቢገባ በቀዳዳው ይወጣል። ሁለተኛው ቤት በር ላይ እግሬን ነቀነቅ ሳደርግ ወለቀ፤ ገባሁ። እንግዳዋ አልተከተለችኝም። ዚፗ ጭቃ ነክሶ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሁለት ሴቶች ወገቧን ይዘው፣ አንዷ ቡትሷን ትጎትታለች።

«ሳቢ! ሳቢ!»

«ቀስ፣ እግሬ!»

«እግርሽማ የትም አይሄድ፣ ቡትሱን ነው የምንፈልገው!»

እኔ ውስጥ ሕፃን መዝኜ ጨረስኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ዚፑን ለመንካትም አልደፈረችም፤ ደጅ ላይ በርጩማ ሰጥተዋት በመስኮት አየችኝ።

ተመልሰን ስንመጣ አባባ በር ላይ ተቀምጠዋል፣ የኔን ጫማ አድርገው። ማሰሪያውን አልነኩትም፤ ሁለቱም እንደ ተፈታ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፣ ጠፍሩም እንደ ጆሮ ቆሟል። እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ያዩታል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ጫማዬ እኮ ነው።»

«ያንቺ ነው እንዴ? ማሻአላህ! እኔ ልጄ ከከተማ የላከልኝ መስሎኝ። በዚህ ጫማ እኮ ጭቃው መሃል ገብቼ ሁለቱንም ባለጉዳዮች ይዤ አወጣኋቸው። ታረቁ!»

እንግዳዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። የመጣችበትን ጉዳይ በትህትና አስረዳቻቸውና «እርስዎ የአገር ሽማግሌ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ለዚህ ዳገት ይህቺው ልጅ ትመላለስ ወይስ ጠንካራ ወንድ እንላክ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እመቤቲቱና እናቶቹ በሩ ላይ ተደረደሩ። እኔ ጸለይኩ።

አባባ መጀመሪያ እንግዳዋን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እግራቸውን አዩ።

«የወንዱ ጫማ ቢሰፋኝስ?» አሉ።

እንግዳዋ መሳቅ እንደምትችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የቀሩት እናቶች ደግሞ ባንድ ላይ ተነሱ፤ ወንድ ቢመጣ ምን እንደሚሉት፣ ምን እንደማይሉት፣ አንዷ በአንዷ ላይ እየጮኸች አስረዱ። እንግዳዋ ስትነሳ «ሥራሽን ቀጥይ» አለችኝ። «ጫማ ግን እንዲህ ዓይነቱን አድርጊ» ብላ ኮንጎውን አሳየችኝ። የኔ ምርጫ እንዳይመስላት «የአባባ ነው፣ እኔ የመረጥኩትማ ያ ነው» አልኳት። «እሱንማ አይቻለሁ» አለችኝ።

ጫማውን ልቀበላቸው ስል አባባ ማውለቅ ጀምረው ነበር፤ አወላለቃቸው የቀብር ያህል የዘገየ ነበር። «ይሁን፣ እርስዎ ያድርጉት» አልኳቸው። በኮንጎው ገራዶ ወረድኩ፤ የፔዳሉ ጥርስ ፕላስቲኩን ነክሶ ያዘ፤ ደሴ ድረስ ዳገቱን ግማሹን ነድቼ ግማሹን ገፍቼ ገባሁ። አከራዬ እግሬን አየች። ሻይ ቀዳችልኝ፣ ኮንጎውን ደግማ አየችው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር አባባ ያው ግራጫ ጫማ እግራቸው ላይ ነው፣ ማሰሪያው ሳይታሰር። በሄድኩ ቁጥር ደግሞ ያው ንግግር ነው። «ልጄ፣ ሐቅሽ እኔ ላይ እንዳይቀር፣ አውፍ በይኝ» ይሉኛል። ሐቅሽን ልቀቂልኝ፣ ከልብሽ ተይልኝ ማለታቸው ነው።

«እሺ፣ እርስዎም ኮንጎዎን አውፍ ይበሉኝ።»

«እሱንማ አልልም! ኮንጎዬ አንቺ ላይ ካለ ትመጫለሽ። አውፍ ካልኩሽ ምን ያመጣሻል?»

«እንግዲያው እኔም አልልም፣ አባባ።»

«በያ፣ ደግ!» ብለው ይስቃሉ። አንድም ቀን አልተባባልንም። ዓመታት እንዲያ ሄዱ። ኋላ አገባሁ፤ ባለቤቴ ለአገልግሎት ጋምቤላ ተመደበ። ክረምት ነበር፣ የመንደሩ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ዛሬም ያለሁት ጋምቤላ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፣ ሰዉ ሳይክል ይነዳል፣ ጫማ ማንም አያስጨንቀውም። ኮንጎው ግን አብሮኝ መጥቷል። የቀኙ ተሰንጥቋል። በር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ውኃ ልቀዳ ብቅ ስል እሱን አደርጋለሁ።

እናንተ ያን ቀን ከገራዶ በላይ እዚያ በር ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ አንቺ የቤቱ እመቤት፣ ዛሬ የልጅ ልጅ የምታቅፊ ይመስለኛል፤ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አባባ ካሉ ለራሳቸው፣ ከሌሉም በዱዓችሁ መካከል፣ የግራጫው ጫማ ባለቤት ከልቧ አውፍ ብላለች በሉልኝ። የኮንጎውን ግን አውፍ እንዳትሉኝ፣ አደራ። እሱ እኔ ላይ ይቆይ።